የእትዬ ጡሩምባ የፊት ጥርስ

ስሙን ያወጡላት ሊያበሽቋት ነበር። ገና ልጃገረድ ሳለች ትራምፔቷን በጀርባዋ አዝላ ከእሳት አደጋ መከላከያው ግቢ ወደ ቤቷ ስትመለስ፣ በየበሩ ላይ የቆመው ሁሉ “ጡሩምባ መጣች” ይላል። ሴት ልጅ ትራምፔት ስትነፋ ታይቶ አያውቅማ። ሌላ ሰው ቢሆን በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው አፍስሶ ያልፍ ነበር። እሷ ግን ዞር አለችና “አቤት” አለች። ከዚያ ቀን ወዲያ ስድቡ ስም ሆነ፤ ስሙም እያደር ማዕረግ ሆኖ ቁጭ አለ። ዛሬ ሰፈሩ ውስጥ “እትዬ” ሳይልበት ያንን ስም የሚጠራ ሰው የለም።

እሳት አደጋ የገባችው ለመንፋት አልነበረም። የአደጋ ጥሪ ስልክ ተቀባይ ሆና ነው የተቀጠረችው። የስልክ ክፍሉ መስኮት የማርሽ ባንዱ ወደሚለማመድበት ግቢ ይከፈታል። ስልኩ ዝም ሲል የትራምፔቶቹን ዜማ በከንፈሯ ታንጎራጉራለች፤ ስልኩ ሲጮኽ ደግሞ የሰው ቤት እየተቃጠለ ነውና ዜማውን ውጣ አድራሻ ትጽፋለች። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወደ ባንዱ የዚያን ጊዜ አለቃ ሄዳ “እኔም ልንፋ” አለችው። ሰውዬው ከላይ እስከ ታች ገረመማት።

“ከንፈርሽ ስስ ነው” አላት። “ትንፋሽሽም የሴት ነው።”

“ትንፋሽ ወንድና ሴት አለው እንዴ?”

መልስ ያጣ አለቃ የሚያደርገውን አደረገ፤ ማንም የማይፈልገውን፣ ጎኑ የተጨረማመተውን ትራምፔት ከዕቃ ቤት አውጥቶ ሰጣትና በራሷ ጊዜ ተስፋ እስክትቆርጥ ይጠብቅ ጀመር። እሷ ደግሞ ማስጠበቅ ትችልበታለች። ቤቷ ብትለማመድ ጎረቤት ግድግዳ እየደበደበ አላስቀምጥ ስላላት፣ የውሃ ቱቦዎች ማስቀመጫ ክፍል ገብታ በሩን ዘግታ ነፋች። ከእሳት የተመለሱት ወፍራም ቱቦዎች እንደተጠቀለሉ ድምፁን ዋጥ ያደርጉላታል። ጭስ ጭስ የሚለውን የእርጥብ ሸራ ሽታ እስከ ዛሬ ስትሸተው ከንፈሯ ይነቃል። አለቃው ተስፋ ስትቆርጥ ሳያይ ጡረታ ወጣ።

በዚያ ግቢ መሀል አንድ ረጅም ማማ አለ። እርጥቦቹ ቱቦዎች ከጫፉ ወደ ታች ተንጠልጥለው የሚደርቁበት ነው፤ አናቱ ላይ የዘብ መቆሚያና ደወል አለው። ሳይረን ያልነበረ ጊዜ እሳት ሲነሳ ሠራተኛውን ከያለበት የሚጠራው ትራምፔት ነበር። አሁን ሥራውን ሳይረን ወስዶታል። ሥርዓቱ ግን አልቀረም። በየዓመቱ የባንዱ የመጀመሪያ ወንበር የማን እንደሆነ የሚታወቀው በዚያ ማማ ነው። ዘቡ ወደ ላይ ይወጣና ጀርባውን ለግቢው ይሰጣል። ወንበሩን የያዘውና ወንበሩን የሚፈልገው በዕጣ ተራቸውን ይዘው፣ አንድ በአንድ የድሮውን የመውጫ ጥሪ ከማማው ሥር ቆመው ይነፋሉ። ጥሪው ሳይሰነጠቅና ሳይቆራረጥ እላይ ከደረሰ ዘቡ ደወሉን አንዴ ይመታል፤ ካልደረሰ ዝም ይላል። ማን እንደነፋ አያይም፣ አይነገረውም። ለሁለቱም ከመታ ወንበሩ በነበረበት ይጸናል። ጉቦም ሆነ ዝምድና የማይሠራበት ብቸኛው ፈተና ይሄ ነው እያለ ባንዱ ይኮራበታል፤ እሷም እውነቱን ነው ትላለች፣ ምክንያቱም በሌላ መንገድ ቢሆን ኖሮ ያንን ወንበር ማንም አይሰጣትም ነበር። ጥቁር ጸጉር ሳላት የያዘችውን ወንበር ሽበት ካወጣችም በኋላ አልለቀቀችም።

ጥርሷ የተሰበረው ወንበሩን ከመያዟ በፊት ነው። ባንዱ በዝናብ ሰልፍ ወጥቶ ነበር። በማርሽ ባንድ ትሮምቦን የሚነፉ ሰዎች ከፊት ነው የሚሰለፉት፤ ያ የሚሳበው ረጅም ቧንቧቸው ሰው እንዳይመታ። ያን ቀን አንድ ትሮምቦን ነፊ አረፈደና ሮጦ ሲደርስ ያገኘው ክፍት ቦታ ውስጥ ዘው አለ። ቦታው ከእሷ ኋላ ነበር። የመጀመሪያዋ ወፍራም ድምፅ ላይ ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ሲለቀው ማጅራቷን አላት። ጭንቅላቷ ወደ ፊት፣ ትራምፔቱ ወደ ኋላ፣ መሀል ላይ ደግሞ የፊት ጥርሷ። ማዕዘኑ ቀነጠብ አለ። ከሰልፉ አልወጣችም። ደሟን እየዋጠች፣ ስባሪዋን በጉንጯ ይዛ እስከ መጨረሻው ነፋችና ሰልፉ ሲበተን ስባሪዋን መዳፏ ላይ ተፍታ ወደ ኋላ ዞረች።

“ይሄን ምን ላድርገው?” አለችው።

ሰውዬው በነጋታው ይቅርታ ሊል መጣ። በማግስቱም መጣ። ይቅርታው ሲያልቅበት ዝም ብሎ መምጣቱን ቀጠለ፤ መጨረሻ ላይ አገባት። የሰው ልብ ሰርቆ ያገባ ብዙ አለ፣ ጥርስ ሰብሮ ያገባ ግን እሱ ብቻ ነው እያሉ የባንዱ ሰዎች ሠርጋቸው ላይ ሲስቁ ዋሉ።

እሷም ሳቀች፤ ግን አፏን በእጇ ሸፍና። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እጇ ከሳቋ ይቀድማል። ባንዱ በየዓመቱ ከማማው ፈተና በኋላ አንድ ላይ ፎቶ ይነሳል፤ በሁሉም ፎቶ ላይ እሷ ከንፈሯን ገጥማ እንደ ተቆጣ አስተማሪ ትታያለች። መንፋቱ ራሱ ለጊዜው አስቸግሯት ነበር። ከንፈሯ ቦታ አጥቶ ሲንከራተት ከረመ። በኋላ ግን ሲመለስ ከበፊቱ በላይ ጠርቶ ተመለሰ። ሰው “ትዳሩ ተስማማት” አለ። እሷም ትዳሩ ይሆናል ብላ ተቀበለች።

ዓመታት አለፉ፤ ባልየው ጡረታ ወጣ፣ ሴት ልጃቸውም አድጋ ሥራ ያዘች። ያቺ የተቀነጠበች ጥርስ በዝግታ ግራጫ ሆነች። መጀመሪያ አላመማትም። ቀጥሎ ቀዝቃዛ ውሃ ስትጠጣ፣ ቀጥሎም ምንም ሳትጠጣ ያማት ጀመር። ለማንም አልተነፈሰችም። በቅርንፉድና በሞቀ የጨው ውሃ እያባበለች፣ በአንድ ጎን እያኘከች ከረመች። ግን ከትራምፔት ምን ይደበቃል? መንፊያውን ከንፈሯ ላይ ጫን ስታደርገው ሕመሙ እስከ ግንባሯ ይወጣል። ሕመሙን ስትሸሽ ከንፈሯ ይላላል፤ ከንፈሯ ሲላላ ድምፁ ይሰነጠቃል። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ከፍተኛው ድምፅ ላይ ስትደርስ ተሰነጠቀባት፤ ባንዱ በሙሉ አንገቱን ደፋ። ማንም አላያትም። ቢስቁባት ይሻላት ነበር።

የአሁኑ አለቃ ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩ ደግ ለመሆን ሲሞክር ነው። ቢሮው ጠራትና ወንበር ሳበላት።

“ጥርስሽ እንደታመመ ከአነፋፍሽ ገባኝ” አላት። “በቃ አስነቅይው። ለአንቺ የሚሆን ቦታ አይጠፋም። ሲምባል ያዢልን፤ ሁለት የነሐስ ሳህን ለማጋጨት ጥርስ አያስፈልግም፤ እሱም ክብር ነው።”

“ክብር ከሆነ አንተ ያዘው” ብላው ወጣች።

የማማው ቀን እየቀረበ ነው። ለወንበሩ የሚወዳደራት ሁለተኛው ትራምፔት ነፊ ራሷ መንፊያ አያያዝ ያስተማረችው ሰው ነው፤ ነፍሱ የጠራ፣ ትንፋሹም የጠራ። በእሱ መሸነፍ አያሳፍርም። ያንገበገባት ሳትነፋ መሸነፏ ነው።

ለጎረቤቷ ለእንቁላል ነጋዴዋ ነገረቻት፤ የእሷ ምክር አጭር ነው። “ንቀይውና ተገላገይ እቴ። እኔን አታዪም?” ብላ ባዶ ድዷን አሳየቻት። “አንድ ጥርስ ለዚህ ሁሉ ዓመት ካገለገለ ምን ይፈለግበታል?”

እሷም ወደዚያው አዘንብላ ነበር። ማታ ለባሏ “አስነቅለዋለሁ” አለችው። ባልየው ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። በቀን የሚናገረው ቢቆጠር እፍኝ አይሞላም። የሚጠግነውን ሬዲዮ አስቀመጠ።

“እኔ የሰበርኩትን ሌላ ሰው አይነቅለውም” አላት።

በነጋታው ጥርስ ሕክምና ይዟት ሄደ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ እጇ ቀላል፣ አነጋገሯ ቀጥ ያለ። ጥርሱን በመስታወቷ እጀታ ኳ ኳ አደረገችው፤ ቀዝቃዛ ነገር አስነካችው፤ ራጅ አነሳችው። ድዱ ላይ የወጣችውን ትንሽ የመግል ቁስልም አየቻት።

“ጥርሱ ሞቷል” አለቻት።

“ሞቶ እንዴት ያመኛል?”

“የሚያምዎት እሱ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ነው። ድሮ ሲመታ ውስጡ ያለው ነርቭ ቀስ በቀስ ሞተ። የሞተው ነገር እዚያው ተቀምጦ መግል ሠራ፤ መግሉ አጥንቱን ነካ። ስሩ ግን ጤነኛ ነው። አንድ ቦታ እንኳን አልተሰነጠቀም።”

“ታዲያ ይነቀላል?”

“ስሩ ቢሰበር ነበር የምነቅለው። ትንሽ ተቦርቡሮ ቢሆን ደግሞ ሞልቼ እሸኝዎት ነበር። የእርስዎ መሀል ላይ ነው። ውስጡን እንጠርገዋለን፣ እናጸዳዋለን፣ ከዚያ እንደፍነዋለን። ነገር ግን ውስጡ የተጠረገ ጥርስ እየደረቀ ይሄዳል፤ ይሄ ደግሞ ቀድሞም የተቀነጠበ ነው። ሽፋን ካላለበስነው አንድ ቀን ዳቦ ሲገምጡ ከሁለት ይከፈላል።”

“ልነፋበት እችላለሁ?”

ሐኪሟ አልገባትም፤ ባልየው ሁለት እጁን ወደ አፉ አስጠግቶ ትራምፔት አሳያት። ያኔ ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች።

“ጥርሱን አድንልዎታለሁ” አለቻት። “ስለ ድምፁ ግን ቃል አልገባም።”

እትዬ ጡሩምባ መልሱን ወደደችው። ቃል ከሚያበዛ ሐኪም ይልቅ ቃል የሚቆጥብ ይሻላል ብላ ወንበሩ ላይ ተጋደመች። ነበልባል ከጣራ በላይ ሲወጣ ቆማ ያየች ሴት የማደንዘዣውን መርፌ ስታይ ግን ባሏን “እጄን ያዝ” አለችው። ይህን ለማንም እንዳይናገር አስምላዋለች፤ እሱም አልተናገረም፤ ያወራችው ራሷ ናት።

ጥርሷ ከደነዘዘ በኋላ ሐኪሟ በስስ ላስቲክ ከአፏ ለይታ፣ ከኋላው ቀዳ፣ እንደ መርፌ በቀጠኑ ሽቦዎች ውስጡን መጥረግ ጀመረች። አላመማትም። የሚያስጨንቀው አፍ ከፍቶ መጋደሙ ነው ይላል ሰው፤ እሷ ደግሞ በአፍንጫ መተንፈስ የዕድሜ ልክ ሥራዋ ነው። ዓይኗን ጨፍና የመውጫውን ጥሪ በልቧ ትነፋው ገባች። ሦስቱ የቀኝ እጇ ጣቶች ሆዷ ላይ የትራምፔቱን ቁልፎች ይጫናሉ።

“ዶክተር፣ እየተንቀጠቀጡ ነው” አለች ነርሷ።

“እየነፋሁ ነው” እንዳትል አፏ ተይዟል። ባልየው በእሷ ፈንታ አስረዳ።

በተመላለሰች ቁጥር ሕመሙ እየቀለለ ሄዶ፣ መግሉም ደርቆ፣ ውስጡ ተደፈነ። ከዚያ ጥርሱ ዙሪያውን ተሞርዶ የሽፋኑ ነገር ደረሰ። ሐኪሟ መስታወት ሰጠቻትና ጠየቀቻት።

“ቅርጹ እንደነበረው ይሁን ወይስ ቀጥ ይበል?”

እትዬ ጡሩምባ መስታወቱን አየች። ስንት ዓመት በእጇ የሸፈነችው አፍ ነው። “ቀጥ ይበል” አለች ሳታመነታ። “ስባሪዋን ድፈኚልኝ። እንደ ሰው ልሳቅበት።”

ሐኪሟ የታዘዘችውን አደረገች። ዋናው ሽፋን በጥርስ ሠሪ ባለሙያ እጅ ተሠርቶ እስኪመጣ ድረስ ጊዜያዊ ሽፋን አለበሰቻት፤ ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር ልክ የመጣ። እትዬ ጡሩምባ ወደ ቤቷ ስትሄድ ያላየችው የሱቅ መስታወት የለም። በአንዱ ውስጥ ስትስቅ ባለ ሱቁ ለእሱ መስሎት አጸፋውን መለሰ። ልጇ ደግሞ በሩን ከፍታ ስታያት ክው አለች።

“እማዬ፣ ሙሽራ መሰልሽ እኮ” አለቻት።

ባልየው “አምሮብሻል” አለና ሬዲዮው ላይ አቀረቀረ።

ትራምፔቷን ያነሳችው ድዷ ከዳነ በኋላ ነው። ቱቦዎቹ ክፍል ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ነፋች። የወጣው ድምፅ ክዳኑ ያልገጠመ ማንቆርቆሪያ ይመስላል። አየሩ በአንድ ጎን ፉስ እያለ ያመልጣል። ከንፈሬ ሳይነፋ ስለሰነበተ ነው አለች። በነጋታው ሞከረች፤ ያው ነው። መንፊያውን አጠበች፣ ቁልፎቹን ዘይት ቀባች፣ አቋቋሟን ቀየረች። ሕመም የለም፤ ድምፅም የለም። ዕድሜ ነው እንዳትል ዕድሜዋ ባለፈው ወር አልነበረም እንዴ? ለሐኪሟም ልትናገር አልፈለገችም፤ ስለ ድምፁ ቃል አልገባም ብላታለችና ምን ብላ ትወቅሳታለች?

የማማው ቀን ደጃፍ ላይ ሲደርስ አንድ ከሰዓት በኋላ የባንዱ ዕቃ ቤት ገባችና ሲምባሎቹን ከመደርደሪያው አወረደች። ከባድ ናቸው። በሁለት እጇ ይዛ ቆመች፣ ክብደታቸውን ለመደች፣ ከዚያ ኮሽ እንዳይሉ አንዱን በአንዱ ላይ ቀስ አድርጋ መለሰቻቸው። አለቀሰች። እንባዋን የጠረገችው በመወልወያው ጨርቅ ስለነበረ ፊቷ የነሐስ ማጽጃ ሸተተ።

ባልየው ሊወስዳት ሲመጣ እዚያው አገኛት። ትራምፔቷን አንስቶ ሰጣት።

“እስቲ ንፊ።”

ነፋች። ዓይኑን አልጨፈነም፤ አፏን ነው የሚያየው። ስትጨርስ ጠጋ ብሎ አገጯን ቀና አደረገው።

“የእኔ ስባሪ የታለች?” አላት።

“ምን?”

“የሰበርኳት። በእሷ በኩል እኮ ነበር የምትነፊው። ከንፈርሽ እዚያች ማዕዘን ላይ ነበር የሚያርፈው፣ ትንፋሽሽም በእሷ በኩል ነበር የሚወጣው። አንቺ ድምፅሽን ትሰሚያለሽ፤ አፍሽን ግን ይሄን ሁሉ ዓመት ሳየው የኖርኩት እኔ ነኝ።”

እትዬ ጡሩምባ ምላሷን ወደ ጥርሷ ሰደደች። ቀጥ ያለ ነገር አገኘች። ያኔ ነገሩ ሁሉ ገባት። ትዳሩ ተስማማት የተባለው ጥራት፣ ማማው ጫፍ ድረስ የወጣው ድምፅ፣ ያ ሁሉ በዚያች በምታፍርባት ቅንጣቢ በኩል ነበር የወጣው። በራሷ አንደበት ድፈኚልኝ ያለችው ድምፅዋን ነበር።

“አውቀህ ነው ዝም ያልከኝ?” ተቆጣች።

“መጀመሪያ ልብ አላልኩም። ስትነፊ የሰማሁሽ ዛሬ ነው። ሽፋኗን አድርገሽ የመጣሽ ዕለት ግን የሆነ ነገር ጎደለኝ። እንዳልናገር ደግሞ በመስታወቱ ስትስቂ አየሁሽ። እጅሽን ሳታነሺ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም ነበር።”

በነጋታው ትራምፔቷን በጀርባዋ አዝላ ሕክምናው ቤት ገባች። ሐኪሟ ጊዜያዊው ሽፋን የወለቀ መስሏት ደነገጠች።

“ዶክተር፣ ስበሪልኝ” አለቻት።

“ምኑን?”

“ይቺን ቆንጆ ጥርስ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጠይቀሽኝ ነበር።”

ነገሩን ስትሰማ ሐኪሟ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ጓንቷን እያጠለቀች ፊቷ የሥራ ፊት ሆነ። “መልካሙ ነገር ዋናው ሽፋን አልተሠራም” አለች። “በጊዜያዊው እንሞክራለን። እኔ ትንሽ ትንሽ እሞርዳለሁ፣ እርስዎ ይነፋሉ። ድምፁ ሲመጣ ያቁሙኝ።”

እንዲህ ያለ ሕክምና ያ ቤት አይቶ አያውቅም። ሐኪሟ በቀጭን ሞረድ ማዕዘኑን ትነካለች፣ እትዬ ጡሩምባ ተጉመጥምጣ ወንበሩ ላይ ቀና ብላ ትነፋለች። በመጀመሪያው ማንቆርቆሪያው ጮኸ። የግቢው ዘበኛ የሰው ነፍስ ሊያድን እየሮጠ ገባና ነርሷ አረጋግታ መለሰችው። በሁለተኛው ፉስ ማለቱ ቀነሰ። “ወደ ውስጥ ትንሽ” አለች፤ ሐኪሟ ወደ ውስጥ ትንሽ ነካች። በአንዱ ሙከራ ላይ ድምፁ ብቅ ብሎ ጠፋ። ሁለቱም ተያዩ። ሐኪሟ ለመጨረሻ ጊዜ አንዴ ብቻ ሸረፍ አደረገችና ጫፉን ከንፈር እንዳይቆርጥ አለሰለሰችው።

መጣ። መንፊያውን ገና ስታስጠጋው ከንፈሯ ሄዶ ቤቱ ገባ። የመውጫው ጥሪ ክፍሉን ሞልቶ፣ በበሩ ወጥቶ፣ ጉንጫቸውን ይዘው ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች አልፎ መንገድ ደረሰ። ሐኪሟ ሞረዷን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከመጠበቂያው ክፍል አንድ ሽማግሌ “እስቲ አንዴ ይድገሙልን” አሉ፤ ደገመችላቸው።

ሐኪሟ ያንኑ ቅርጽ እንዳለ ልኬቱን ወስዳ ለባለሙያው ላከች። ባለሙያው ደወለላት፤ ልኬቱ ማዕዘኑ ላይ ጉድለት አለው፣ ላስተካክለው ወይ አላት። “እንዳትነካት” አለችው። “ጉድለት አይደለችም። በልክ የተሠራች ናት።” እውነተኛው ሽፋን መጣ፤ እንደ ጎረቤቶቹ ነጭ፣ እንደ ድንጋይ ጠንካራ፣ ማዕዘኑ ላይ ያቺ ቅንጣቢ። ሐኪሟ ስታጣብቀው እጇ ከወትሮው ይልቅ ዘገየ፤ በሥራዋ መኩራቷ ያስታውቅባት ነበር፣ ደግሞም ይገባታል።

የማማው ቀን ባንዱ ዩኒፎርሙን ለብሶ ግቢው ውስጥ ተሰለፈ። ሾፌሮቹ ቀይ መኪኖቻቸው ላይ ወጥተው ያያሉ። ባልየው ከአጥሩ ሥር ከሴት ልጃቸው ጋር ቆሟል። አለቃው አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ሲምባሎቹ ተወልውለው ተቀምጠዋል፤ ደግ ሰው ነው፣ ለማንኛውም ብሎ ነው። ዘቡ ወደ ላይ ወጥቶ ጀርባውን ሰጠ።

ዕጣው መጀመሪያ ለሁለተኛው ትራምፔት ነፊ ደረሰው። ነፋ፤ አንዲት እንኳን ሳያስት ነፋ። ደወሉ አንዴ ተመታ። ግቢው አጨበጨበ፣ እሷም አጨበጨበች፤ ያስተማረችው ልጅ ነው። አሁን ግን ነገሩ ግልጽ ነው። ደወሉ ለእሷም ካልተመታ ወንበሩ የእሱ፣ ሲምባሎቹ የእሷ ናቸው።

ከማማው ሥር ቆመች። እርጥቦቹ ቱቦዎች ከላይ ተንጠልጥለው ውሃቸው ጠብ ጠብ ይላል። ፈራች። ምላሷን ሰዳ ስባሪዋን ነካቻት፤ በቦታዋ አለች። ከዚያ ትንፋሿን ሳበችና ነፋች። ጥሪው ከግቢው ተነሳ፣ በቱቦዎቹ መሀል ወጣ፣ ከፍተኛው ድምፅ ላይ ባለፈው የተሰነጠቀበት ቦታ ደረሰ፤ አለፈው። የመጨረሻዋን ድምፅ ትንፋሿ እስኪያልቅ ያዘቻትና ትራምፔቷን ዝቅ አደረገች።

ደወሉ ዝም አለ።

ሰው ሁሉ ወደ ላይ አንጋጠጠ። ዘቡ ጀርባውን እንደሰጠ ቆሟል። አለቃው ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለተኛው አንገቱን ደፋ፤ በዚህ መንገድ ወንበሩን ማግኘት አልፈለገም። እሷ አልደፋችም። በሕይወቷ እንደዛሬ ጥሩ ነፍታ እንደማታውቅ ታውቃለችና ደወሉ ባይመታም ቀና ብላ ትሄዳለች።

ያኔ ደወሉ ተመታ።

ዘቡ ሲወርድ ለምን እንደዘገየ ሁሉም ከበው ጠየቁት። “ያበቃ አልመሰለኝም” አለ ግራ እየተጋባ። “ድምፁ እላይ ገና ነበር። እስኪያልቅ ጠበቅኩ።”

ወንበሩ በነበረበት ጸና። ሁለተኛው መጥቶ “እትዬ፣ ሌላ ዓመት እንገናኛለን” ብሎ እጅ ነሳት። አለቃው ሲምባሎቹን አየ፣ እሷን አየ፤ ከዚያ ራሱ ሁለቱን በእጁ አነሳና በባንዱ ፊት አንዴ አጋጫቸው። ያለችውን አልረሳም ማለት ነው። ግቢው በሳቅ ተናጋ፣ እሷም ሳቀች፤ ፎቶ አንሺው ያኔ ነው ያነሳው። በዚያ ዓመት ፎቶ ላይ እትዬ ጡሩምባ ከፊት ረድፍ፣ እጇ ከትራምፔቷ ላይ ሳይነሳ፣ ጥርሷ በሙሉ ይታያል።

ፎቶው ተሰቅሎ ጎረቤቷ እንቁላል ነጋዴዋ ልትጠይቃት መጣች። ከግድግዳው ላይ ጠጋ ብላ አየችው፣ ዞር ብላም የእትዬ ጡሩምባን አፍ አየች።

“ውይ እቴ” አለች እያዘነች። “ያ ሁሉ ምልልስ ሆኖ ስባሪዋን እንዳለች ተዉዋት እንዴ? አታለሉሽ በይኛ።”

እትዬ ጡሩምባ እጇን ወደ አፏ አላነሳችም።

“አሠርቻት ነው” አለች።